ብርቱካናማው የማታ መነጽር፦ ባይፖላር ላለበት የሌሊት ሰው ያዋጣል ወይ?

በቀጥታ ልናገር፤ ማታ ሰማያዊ ብርሃንን ከዓይን የሚከለክለው ይህ መነጽር ይሠራል። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በሁለት ምክንያት ነው። ከጆሮ ጀርባ ይቆረቁራል፣ ሻጮቹ ደግሞ አጠቃቀሙን አይናገሩም። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት አንዴ ከልክ በላይ ከፍ፣ አንዴ ወደ ድብርት ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አጠቃቀሙን ሳያውቅ ማታ ማታ ቢያደርገው ያላሰበው ነገር ሊመጣበት ይችላል። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው፤ ታገሱኝ።

የማወራው ስለ ብርቱካናማው ነው። ለፋብሪካና ለላቦራቶሪ ሠራተኛ የዓይን መከላከያ ተብሎ የሚሸጥ፣ ፕላስቲክ የሆነ፣ ጎኑም የተሸፈነ። ኦንላይን ነው የገዛሁት፣ ዋጋው ከ10 ዶላር ብዙ አይርቅም። መቶ ዶላር የሚጠየቅባቸውም አሉ። ፍሬማቸው ያምራል፤ ሌንሱ የሚሠራው ሥራ ግን ያው ነው። ሰዓት ስጠቅስ በሐበሻ አቆጣጠር ነው፣ ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ በፈረንጅ።

እኔ የሌሊት ሰው ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ሰው ማዛጋት ሲጀምር እኔ እነቃለሁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ጭንቅላቴ ይከፈታል፤ ማንበብ የሚሆንልኝ ያኔ ነው፣ ቤት ማጽዳትም ያኔ፣ ሐሳብ የሚመጣልኝም ያኔ። ለዓመታት ቤተሰብ ይህን ስንፍና ብሎ ሲጠራው ኖሯል። ስንፍና አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ሰውነቱ ውስጥ የራሱ ሰዓት አለው፣ ያንን ሰዓት የሚያንቀሳቅሱትን ጂኖች ያጠኑ ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የአንዱ ሰዓት ቀደም ይላል፣ የሌላው ይዘገያል። ባይፖላር ያለብን ሰዎች ደግሞ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ወደ ዘገየው እናዘነብላለን፤ ይህ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። ስለዚህ «በጊዜ ተኛ» የሚለው ምክር ብቻውን አይጠቅመኝም። በጊዜ አልጋ ላይ መውጣት እችላለሁ። ጣራ እያየሁ እቆያለሁ እንጂ እንቅልፉ አይመጣም።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ልምጣ። የሌሊት ሰው መሆንና ማኒያ (የባይፖላሩ ከልክ በላይ ከፍ ማለት) ሊመጣ ሲል ነቅቶ ማደር ከውጭ ለሚያይ አንድ ናቸው። በሁለቱም ከሌሊቱ 9 ሰዓት የእኔ ክፍል መብራት በርቷል። ልዩነቱ የሚታወቀው በማግስቱ ነው። የሌሊት ሰውነቴ ብቻ ከሆነ፣ 9 ሰዓት ተኝቼ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብቀሰቀስ ቀኑን ሙሉ ድክም ብሎኝ እውላለሁ። ዓይኔ ይቃጠላል፣ ሰው ሲያናግረኝ ግማሹን አልሰማም። ከፍ ሊል ሲጀምር ግን ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቼ እነሳለሁ፤ ድካም የሚባል ነገር የለም። ደስ ይለኛል። ንግግሬ ይፈጥናል፣ የቅመም ብልቃጦቹን ከመደርደሪያ አውርጄ በቁመታቸው እደረድራለሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ገንዘብ ላበድር ቃል እገባለሁ፣ ከዓመታት በፊት የተጣላሁትን ሰው በዚያ ሌሊት ካልታረቅኩ ብዬ ስልክ አነሳለሁ። በዚያ ሰዓት «ታመሃል» ብትሉኝ አላምናችሁም፤ ከዚህ የበለጠ ደህና ሆኜ የማውቅ አይመስለኝም። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የሌሊት ሰው ነኝ የሚለው ሰበብ ማኒያውን ይሸፍነዋል። ቤተሰቡም «እሱ እኮ ድሮም አይተኛም» ብሎ ያልፈዋል።

ለእኛ ለውጭ አገር ሐበሾች ደግሞ የባሰ የሚያደርገው ነገር አለ። ፈረንጅ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ አገሩ ጭር ይልበታል። የእኛ ግን ነቅቶ ይጠብቀናል። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ እኩለ ሌሊት ሲሆን አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ቁርስ የምትቀርብበት ሰዓት ነው። ቴሌግራሙ ይንጫጫል፣ ቲክቶኩ ላይቭ ይጀምራል፣ ጓደኞቼ ቢሮ ገብተው «እንዴት አደርክ» ይሉኛል፣ እኔ ገና አልተኛሁም። አንድ የስልክ ጥሪ ሌላውን እየወለደ ይነጋል። በዚያ ሁሉ ሰዓት የስልኩ ብርሃን ፊቴ ላይ ነው።

መነጽሩ የሚገባው እዚህ ነው። ለምን እንደሚሠራ ትንሽ ላብራራ፤ የገባው ሰው አጠቃቀሙን አይስትም።

ከእኔ ቤት ብዙ በማይርቀው ቤተስዳ የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም አለ። እዚያ ይሠራ የነበረው ቶማስ ዌር የተባለ ሐኪም በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሐሳብ አቀረበ። ወደ ማኒያ የሚወስዱ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ሐዘን፣ ጉዞ፣ ወሊድ፣ መድኃኒት። ብዙዎቹ ግን በአንድ በር ያልፋሉ፤ በሩ እንቅልፍ ማጣት ነው። ማኒያ እንቅልፍ ይቀንሳል፣ የቀነሰው እንቅልፍ ደግሞ ማኒያውን ያባብሰዋል፤ እየተቀባበሉ ይወጣሉ። በ1998 ደግሞ ዌርና ባልደረቦቹ ስሜቱ ቶሎ ቶሎ ይገለባበጥ የነበረ አንድ ታካሚ በየሌሊቱ ለ14 ሰዓት ጨለማ ውስጥ እንዲተኛ አደረጉ፣ በኋላም ቀስ በቀስ ወደ 10 አወረዱት። መገለባበጡ ቆመ። የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ግን ጨለማ ራሱ እንደ ሕክምና ሊታይ እንደሚችል አሳየ።

ሥራ ያለው ሰው 14 ሰዓት ጨለማ ውስጥ መቀመጥ አይችልም። መፍትሔ የመጣው ከዓይን ጥናት ነው። በዓይናችን ጀርባ ዋና ሥራቸው ማየት ያልሆነ፣ «አሁን ቀን ነው፣ አሁን ሌሊት ነው» ብለው ለአንጎል የሚነግሩ ሕዋሳት አሉ። በጣም የሚቀሰቅሳቸው 480 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ያንን ብርሃን ከከለከላችሁት፣ እናንተ ክፍሉን እያያችሁ ሥራችሁን ትሠራላችሁ፣ አንጎላችሁ ግን መሽቷል ብሎ ያስባል።

ኖርዌይ ውስጥ ቶኔ ሄንሪክሰን የተባለች የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ይህንን ሞክራ ውጤቱን በ2016 አሳተመች። በማኒያ ሆስፒታል የተኙ 23 ሰዎች ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ብርቱካናማውን፣ የቀሩት ነጩን መነጽር አደረጉ፤ ከምሽቱ 12 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ለ7 ቀን። ሁሉም መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው። የማኒያ መለኪያው ብርቱካናማውን ባደረጉት ላይ በአማካይ በ14.1 ነጥብ ወረደ፣ በነጩ ቡድን 1.7 ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው። ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም፣ ለውጡም በሦስተኛው ቀን መታየት ጀምሯል።

ስትገዙ ነጩን አትግዙ። ይህን ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። አንድ የመነጽር ቤት «ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል» ብሎ ለነጭ ሌንስ ተጨማሪ ገንዘብ አስከፍሎኛል፣ ማታ ላይ ግን ምንም ለውጥ አላየሁበትም። በ2023 ኮክሬን የተባለው የጥናት ድርጅት እንዲህ ባሉ ሌንሶች ላይ የተሠሩ 17 ጥናቶችን ገምግሞ ነበር። ከኮምፒውተር የሚመጣውን የዓይን ድካም የሚያስታግሱ አይመስሉም ብሎ ደመደመ፣ ለእንቅልፍ ያላቸው ጥቅምም አልተረጋገጠም። በኖርዌዩ ጥናት ነጩ መነጽር የቀረበው ለማነጻጸሪያ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ግን እንደ መድኃኒት ይሸጡታል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ሰማያዊ የቢክ እስክሪብቶ ያዙና በሌንሱ እዩት። ክዳኑ ጥቁር ከሆነ መነጽሩ ሥራውን ይሠራል። ሰማያዊነቱ ከታያችሁ መልሱት።

አሁን አብሮት መኖር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። እኔ የማደርገው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ከመኝታዬ በፊት ሁለት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል። ሰዓቱ ከሐኪሜ ጋር የተስማማንበት ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ብርቱካን ይሆናል፣ እንጀራው ሳይቀር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይን ይለምደዋል። ወጥ መሥራት ግን ተዉት። ሽንኩርቱ ቡናማ ይሁን ጥሬ አይለይም፣ በርበሬው ሲጠቁር አይታይም፣ ቁሌቱ ማረሩን የምታውቁት በማሽተት ነው። የቡና እንፋሎት ሌንሱን ይሸፍነዋል። ቁጥር ያለው መነጽር የምታደርጉ ሰዎች በላዩ የሚደረበውን ሰፊውን ዓይነት እዘዙ። ሌንሱ በቀላሉ ይጫጫራል፤ በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉት።

መኪና ይዛችሁ በፍጹም አታድርጉት። ማታ ራሱ ብርሃን አንሷል፣ እሱ ደግሞ ይጨምርበታል፣ ቀለም ያሳስታል። እንቅልፍም ያመጣል፤ የተገዛውም ለዚያ ነው። ይህን ሳስብ ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ኡበር የሚነዱ፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሚያድሩ ወገኖቼ ትዝ ይሉኛል። ከእነሱ መካከል ባይፖላር ያለበት ሰው ካለ፣ አንድ ሳምንት ሌሊት አንድ ሳምንት ቀን የሚያፈራርቅ ፈረቃ ሰውነቱን ያናጋዋል፣ ምንም መነጽር አያድነውም። የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ቀጣሪዎች ይመለከታል፣ የአእምሮ ሕመምንም ያካትታል። በሐኪም ደብዳቤ የማይለዋወጥ ፈረቃ መጠየቅ ይቻላል። ምርመራውን ለሥራ ባልደረባ መናገር አይጠበቅባችሁም። ብዙ ሰው ይህን መብት ስለማያውቅ ዝም ብሎ ይሰበራል፤ ያንገበግበኛል።

ቤት ውስጥ ትልቁ ጠላት የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ነው። ሌሊት ለሽንት ተነስታችሁ ያን ነጭ መብራት ስታበሩት የማታው ሥራ ሁሉ ይበላሻል። እኔ ቢጫማ ደብዛዛ አምፖል ቀየርኩበት። የስልኩ የማታ ሁነታ ትንሽ ይረዳል፣ በቂ ግን አይደለም።

እናቴ መጀመሪያ ቪዲዮ ላይ ያየችኝ ጊዜ ደነገጠች።

«ውይ ልጄ፣ ዓይንህን ምን ነካብኝ?»

«ምንም አልሆንኩም እማዬ። ማታ ብርሃን እንቅልፌን ይነሳኛል፣ ለዚያ ነው።»

«ታዲያ ለምን ስልኩን ዘግተህ አትተኛም? እኔ ከሰዓት በኋላ እደውልልሃለሁ።»

የእሷ ከሰዓት በኋላ የእኔ ጠዋት ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምንደዋወለው በእኔ ጠዋት ሆኗል፣ እሷ ከምሳ በኋላ አረፍ ስትል። መነጽሩ ካመጣልኝ ለውጥ ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ሌንሱ ብርሃኑን ይከለክላል፤ ዓይኔ ላይ ማረፉ ደግሞ ለእኔም ለሌላውም «ቀኑ አለቀ» ይላል። የሌሊት ሰው ቀኑ የሚያልቅበት ምልክት ያስፈልገዋል። ሰውነታችን ራሱ አይነግረንማ።

ሰው ቤት ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ። ቅዳሜ ማታ ግብዣ ላይ ቡና ሲፈላ መነጽሬን ሳወጣ የሚጠይቅ አይጠፋም። ስለ ባይፖላሩ ለሁሉም አልናገርም፣ ብርሃን እንቅልፍ ይነሳኛል እላለሁ፣ እውነትም ነው። ቡናውን አቦሉን እንኳ አልቀምስም፤ ዕጣኑን አሸትቼ፣ ፈንዲሻዬን ይዤ እጫወታለሁ። ሊትየም የተባለውን የባይፖላር መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ግን ቡናን በአንድ ጊዜ ቁርጥ አታድርጉ፤ በደም ውስጥ ያለው የሊትየም መጠን ከፍ ሊል ይችላል። ቀስ በቀስ ቀንሱ፣ ለሐኪማችሁም ንገሩ። በጾም ጊዜ ውኃ ሳይጠጡ መዋልም እንዲሁ ነው።

ከባዱ የበዓል ሌሊት ነው። ማኅሌቱ፣ የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ፣ የገና ሌሊት። እነዚህን ሌሊቶች እወዳቸዋለሁ። ጧፉ ሲበራ፣ ከበሮው ሲጀምር፣ ምእመኑ በአንድነት ሲያጨበጭብ ቤት መቅረት አይታሰበኝም። ግን አንድ ሌሊት ሙሉ አለመተኛት ብቻውን ማኒያ ሊጀምር እንደሚችል አውቃለሁ። ስለዚህ በዓሉ ከመድረሱ በፊት ከሐኪሜ ጋር እነጋገራለሁ። ከሰዓት በኋላ እተኛለሁ። ቅዳሴው እንዳለቀ ሰው መኪና ይወስደኛል፣ እኔ መነጽሬን አድርጌ ከኋላ እቀመጣለሁ። ቤት ስደርስ መፈሰኪያው ይጠብቀኛል፤ ጥቂት ቀምሼ ክፍሉን አጨልሜ እተኛለሁ። የዶሮው ወጥ ሲነጋም አለ። የንስሐ አባቴም ያውቃሉ፤ «እግዚአብሔር እንቅልፍህንም ይወዳል» ብለውኛል። ሁሉም ካህን እንዲህ አይልም፤ እኔ ግን ዕድለኛ ነኝ።

አገር ቤት ጉዞም አለ። ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ ነው። በ1982 ለንደን ሂትሮው ኤርፖርት ላይ የታመሙ መንገደኞችን ያየ ጥናት ነበር። ወደ ምዕራብ የበረሩት ላይ ድብርት፣ ወደ ምሥራቅ የበረሩት ላይ ደግሞ ከፍ ማለት በዛ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ አገሬ ስገባ እልል ብሎ የሚቀበለኝ ቤተሰብ፣ ያልተኛሁበት ሌሊትና የምሥራቁ በረራ አንድ ላይ ይገጥማሉ። አውሮፕላን ውስጥ በአዲስ አበባ ሰዓት ሲመሽ መነጽሩን አደርጋለሁ። አዲስ አበባ ከደረስኩ በኋላ ግን ነገሩ ይቀላል፤ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይዋ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። እዚህ ሜሪላንድ በሰኔ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ቀን ነው። ውጭ ገና ብርሃን እያለ መጋረጃ ዘግቼ የምጠብቅበት ወቅት አለ።

መነጽሩ መድኃኒት አይተካም። ሊትየሜን እወስዳለሁ፣ ደሜን እመረመራለሁ። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፣ መድኃኒቱን ግን ይዞ። መነጽሩን ገዝቶ ክኒኑን የሚያቆም ሰው ካለ ባይገዛው ይሻላል። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ሳይተኛ ድካም ያልተሰማው ሰው መነጽር ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። አሜሪካ ውስጥ በጣም ሲጨንቅ ወደ አስቸኳይ የአእምሮ ጤና እርዳታ መስመሩ 988 መደወል ይቻላል።

ከዚህ መነጽር ጋር አብረው የሚሸጡት የጠዋት የብርሃን መብራቶችም አሉ። እዚያ ላይ ተጠንቀቁ። ለተራ የክረምት ድብርት የሚመከረው የማለዳ መብራት ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል። በ2018 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ባይፖላር ኖሮባቸው ድብርት ውስጥ ለነበሩ ሰዎች ብርሃኑን የሰጠው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ መጠኑንም ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ። በራሳችሁ አትጀምሩት።

የመጨረሻው ነገር መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት የአጠቃቀም ጉዳይ ነው። በኖርዌዩ ጥናት መነጽሩን ካደረጉት መካከል ሁለቱ ላይ የድብርት ምልክት ታይቷል፤ በቀላሉ የሚመለስ ነበር። ጨለማ ከፍ ያለውን ያወርዳል፣ ሲበዛ ግን ከሚገባው በታች ያወርዳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ማድረግ በማኒያ ላይ ላለ፣ ሐኪም ለሚከታተለው ሰው ነው። እኔ ደህና ስሆን 3 ሰዓት ላይ አደርጋለሁ፣ እንቅልፌ ማጠር ሲጀምር ሐኪሜን ደውዬ ወደ 1 ሰዓት አመጣዋለሁ። ጠዋት መነሳት ሲከብደኝ፣ ምግብ ሲያስጠላኝ፣ ሰው ማየት ስጠላ ደግሞ ሰዓቱን አሳጥራለሁ ወይም ለጥቂት ቀን አስቀምጠዋለሁ። የተኛሁበትንና የተነሳሁበትን ሰዓት ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈ ወረቀት እጽፋለሁ፣ ቀጠሮዬ ሲደርስ ፎቶ አንስቼ ይዤ እሄዳለሁ። ስትገዙ ሁለት እዘዙ፣ አንዱ አልጋ አጠገብ፣ አንዱ ቦርሳ ውስጥ።